አንዱ ጡት ሞልቶ ሌላው ሲጎድል፦ የአንዲት የጅማ እናት ጉዳይ

በዚህ ጽሑፍ የሚቀርበው ጉዳይ በጅማ ከተማ በአንድ ጤና ጣቢያ የእናቶችና ሕፃናት ክፍል የተከታተልነው ሲሆን፣ የእናትየዋን ማንነት ሊጠቁሙ የሚችሉ ዝርዝሮች ሆን ተብለው ተትተዋል። እናትየዋ የ28 ዓመት የአንደኛ ደረጃ መምህርት ስትሆን፣ ወደ እኛ የመጣችው ሁለተኛ ልጇን የ45 ቀን ክትባት ለማስከተብ እንጂ ስለ ጡቷ ለመማከር አልነበረም። ልጁ ተከትቦ ሲያለቅስ እንድታጠባው ሲነገራት ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀመጠች፤ ከቀሚሷ ውስጥ በግራ በኩል አራት ጊዜ የታጠፈ ነጭ ጨርቅ አወጣችና ጭኗ ላይ አኖረችው። ጨርቁ የሚፈስ ወተት ለመያዝ የገባ አልነበረም፤ ፍጹም ደረቅ ነበር። ግራ ጡቷ ከቀኙ በጣም አንሶ ስለሚታይ፣ ልዩነቱ በልብሷ ላይ እንዳይታወቅ የሞላችበት ነበር።

«ሲስተር፣ የግራው ከደረቀ ቆየ፤ አሁን ደግሞ የቀኙም እያለቀ ነው መሰለኝ» አለች። አብረዋት የነበሩት እናቷ፣ ሊያርሷት ከአጋሮ መጥተው የከረሙ፣ ነገሩን በራሳቸው መንገድ አስረዱን። እንደ እርሳቸው አነጋገር ግራውን ጡት በአራስነቷ ብርድ መትቶታል። ልጁ በ40 ቀኑ ክርስትና ሲነሣ ስታጠባ ያየቻት አንዲት ዘመድ ደግሞ ዓይን ነው ብላ ነበር። አብሽ ተፈልቶ ተሰጥቷታል፣ አጥሚቱ ሳይቋረጥ ተሠርቷል፣ ጎረቤቶችም ገንፎውን በቅቤ አድርገው አምጥተዋል። ባለቤቷ በበኩሉ የቆርቆሮ ወተት ገዝቶ ገብቷል።

እናትየዋ እንደ አንድ ችግር አድርጋ የነገረችን ነገር በእኛ አመለካከት ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች ነበሩ፦ ጡቶቹ በመጠን ለምን ተለያዩ፣ ግራው በእርግጥ ደርቋል ወይ፣ ልጁስ የሚበቃውን እያገኘ ነው ወይ። ሦስቱ ሲደባለቁ ብዙ ጊዜ የሚፈረደው በመጀመሪያው ነው፤ በዓይን የሚታየው እርሱ ነውና። አስቸኳይ መልስ የሚያስፈልገው ግን ሦስተኛው ስለነበረ ከልጁ ጀመርን።

ልጁ ሲወለድ 3.9 ኪሎ ግራም ይመዝን ነበር፤ በ45ኛው ቀን የተመዘነው 4.3 ነው። ጨምሯል ማለት ይቻላል፣ ቤተሰቡም ያለው ይህንኑ ነው። ሆኖም ጤናማ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚቀንሰውን ክብደት እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ ከመለሰ በኋላ፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በቀን ከ20 እስከ 35 ግራም ያህል መጨመር ይጠበቅበታል። ይህ ልጅ የልደት ክብደቱን በሁለተኛው ሳምንት መልሷል ብንል እንኳ፣ ከዚያ ወዲህ የጨመረው በቀን ከ15 ግራም በታች ነበር። በዕድገት መከታተያው ካርድ ላይ ከመካከለኛው መስመር በላይ የጀመረው ነጥብ ከመስመሩ በታች ወርዷል። ሽንቱ በቀን አራት ጊዜ ያህል ብቻ ሲሆን ቀለሙም ደመቅ ያለ ቢጫ ነበር፤ በዚህ ዕድሜ ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ፣ ነጣ ያለ ሽንት ነው የሚጠበቀው። ትኩሳት የለውም፣ ንቁ ነው፣ ቆዳው አልደረቀም። ስለዚህ የታመመ ልጅ አልነበረም፤ የሚበቃውን ያላገኘ ልጅ ነበር።

ቀጥሎ እናትየዋን መረመርን። የቀዶ ጥገናም ሆነ የቃጠሎ ጠባሳ በጡቷ ላይ የለም፤ ይህን የምንጠይቀው በልጅነት የፈላ ውኃ ወይም ቡና የፈሰሰበት ደረት፣ ወይም መግል ለማውጣት በጡት ጫፍ ዙሪያ የተቀደደ ጡት የወተት መተላለፊያዎቹ ተጎድተው አንዱ ወገን ሊያንስ ስለሚችል ነው። የሚዳሰስ እብጠት የለም፣ ሁለቱም የጡት ጫፎች ወጣ ያሉ ናቸው፣ በእርግዝናዋም ወቅት ሁለቱም ጡቶች መጠናቸው ጨምሮ እንደነበር ታስታውሳለች። ወተት ሊቀንስ የሚችል ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብልም አልጀመረችም። ከሁሉ በላይ የረዳን የመጀመሪያው ልጇ ታሪክ ነው፦ ሴት ልጇን ከሁለቱም ጡቶች እስከ ሁለት ዓመቷ አጥብታለች። በዚያን ጊዜም ግራው በጥቂቱ ያንስ እንደነበር ስትጠየቅ ትዝ አላት፤ ያኔ ግን ማንም ልብ አላለውም፣ ልጅቱ ወፍራም ነበረችና። እንግዲህ ግራው ጡት ከመነሻው ወተት የማምረት አቅም ያጣ አልነበረም። በእጅ ሲታለብም ጥቂት ጠብታ ነጭ ወተት ወጣ። ያን ጠብታ ስታይ እናትየዋ ዝም አለች፤ ለሳምንታት ያላየችው ነገር ነበር።

ታዲያ ልጁ ግራውን ለምን ተወ? መልሱ ከጡቱ ሳይሆን ከልጁ ተገኘ። ምጡ ረጅም እንደነበር፣ ጭንቅላቱ ከወጣ በኋላ ትከሻው ለጥቂት ጊዜ እንደተያዘ፣ አዋላጆቹም ጉልበቶቿን ወደ ሆዷ አጥፈው እንዳስወለዷት ነግራናለች። ልጁ ደኅና ነው ተብሎ ወደ ቤት ሄዳለች። በመጀመሪያው ሰዓት ቀኙን ጠብቷል፣ እንገሩንም አግኝቷል። ወደ ግራው ሲዞር ግን ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ይጮህና ጀርባውን ይለጥጥ ነበር፤ ቤተሰቡም «ግራውን ጠላው» ብሎ ወሰነ። ይህን ከሰማን በኋላ ልጁን ሙሉ በሙሉ አስወልቀን ስንዳስሰው፣ ከአንገት ሥር ወደ ቀኝ ትከሻ በሚሄደው ቀጭን አጥንት፣ ሐኪሞች ክላቪክል በሚሉት፣ መካከል ላይ የአተር ፍሬ የምታህል ጠጣር እብጠት ጣታችን ላይ መጣች። ስትነካ አላለቀሰም፤ ሁለቱንም እጆቹን እኩል ያንቀሳቅሳል፣ ሲደነግጥም እኩል ይዘረጋቸዋል፤ የክንድ ነርቭ ጉዳት አልነበረም። ወደ ሆስፒታል ተልኮ የተነሣው ራጅ የዳነ ስብራት መሆኑን አረጋገጠ። በወሊድ ጊዜ ከሚደርሱ የአጥንት ስብራቶች የተለመደው ይህ ነው፤ ልጁ እጁን እያንቀሳቀሰ ከሆነ በመጀመሪያው ምርመራ ሳይታይ ማለፉም እንግዳ አይደለም፤ በሁለትና ሦስት ሳምንት ውስጥም ያለ ልዩ ሕክምና ይድናል።

የልጁን ጩኸት ከጡቱ ጋር የሚያገናኘው አያያዙ ነው። አብዛኛዋ እናት እንደምታደርገው ልጅን በክንድ ታቅፎ ከግራ ጡት ሲያጠቡ፣ ራሱ በእናቱ ግራ ክርን ላይ ያርፍና ፊቱን ወደ እርሷ አዙሮ በቀኝ ጎኑ ይተኛል። የተሰበረው አጥንት ከታች ሆኖ የሰውነቱን ክብደት ይሸከማል ማለት ነው። ወደ ቀኝ ጡት ሲዞር ደግሞ በግራ ጎኑ ስለሚተኛ ቀኝ ትከሻው ከላይ ሆኖ ነፃ ይወጣል። ልጁ የጠላው ጡቱን አልነበረም፤ አተኛኘቱን ነበር። አጥንቱ ሲድን ሕመሙ ሄዷል፤ በዚያን ጊዜ ግን ወተቱ ቀንሶ፣ እናትየውም ግራውን ማቅረብ ካቆመች ቆይታ ነበር። በአራተኛውና በአምስተኛው ቀን ተወጥሮ ሲያማት የነበረው ግራ ጡት ከሳምንት በኋላ ለስለስ ማለቱን ቤቱ በሙሉ እንደ መዳን ቆጥሮታል። በእውነቱ የወተት ሥራው እየተዘጋ የነበረው ያኔ ነው።

እዚህ ላይ ነገሩ የሚሠራበትን መንገድ ማስረዳት ያስፈልጋል። በእርግዝና ወቅትና ከወሊድ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት ወተትን የሚያዝዙት በደም የሚዘዋወሩ ሆርሞኖች ናቸው፤ የእንግዴ ልጁ ሲወጣ በእርግዝና ወቅት ወተቱን አግዶ የያዘው ፕሮጄስትሮን ይወርዳል፣ ወተት የሚያስመርተው ፕሮላክቲን ሥራውን ይጀምራል፣ ወተቱም በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ገደማ ይመጣል። ይህ ሁለቱንም ጡቶች እኩል ይመለከታል። ከዚያ በኋላ ግን እያንዳንዱ ጡት ለየብቻው ይተዳደራል፦ ወተት የተወሰደለት ጡት ያመርታል፣ ሞልቶ የተተወው ጡት ማምረቱን ያዘገያል፣ ጭራሽ ካልተነካም ወተት የሚሠሩት ሕዋሳት እየቀነሱ ይሄዳሉ። አንዱ ጡት ሌላውን አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ2006 ከአውስትራሊያ የወጣና በ71 የሚያጠቡ እናቶች ላይ የተደረገ ጥናት፣ የአንዲት እናት ግራና ቀኝ ጡቶች እኩል ወተት የሚሰጡት ከስንት አንዴ መሆኑን አሳይቷል። በዚሁ ጥናት እናቶቹ በ24 ሰዓት የሰጡት ወተት ከ478 እስከ 1356 ግራም ይደርስ ነበር፤ ልጆቹ በአንድ ጊዜ የሚጠቡትም ጡቱ ውስጥ ካለው ወተት በአማካይ 67 በመቶውን ነበር። ስለዚህ የጡቶች መበላለጥ በራሱ በሽታ አይደለም፤ ከወተት በፊት እንኳ ፍጹም እኩል ጡት ያላት ሴት ጥቂት ናት። የጡት ግዝፈትም አብዛኛው ስብ ስለሆነ የወተቱን መጠን አይናገርም።

ሆኖም አንድ ጥያቄ ይቀራል። አንድ ጡት ብቻውን ልጅ ማሳደግ ይችላል፤ መንታ የሚያጠቡ እናቶች ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ጡት እየሰጡ ያሳድጉ የለምን? የዚህች እናት ቀኝ ጡት ለምን አልበቃም? በእኔ ግምት የዚህ ጉዳይ ዋና ነገር ያለው እዚህ ነው፣ የግራው ነገር የሁሉንም ዓይን ስለያዘ ማንም ያልጠየቀውም ይህንኑ ነው። ስንጠይቅ የተገኘው እንዲህ ነው። ግራው ደረቀ ከተባለ ወዲህ፣ የቀረው ጡት እንዳይዝል ተብሎ የማጥቢያው ሰዓት እንዲራራቅ ተደርጓል። አያት «ይጠራቀም» እያሉ ልጁን በጀርባቸው አዝለው ያባብሉታል፤ ጡቱ ወጥሮ ሲታይ ነው ለእናቱ የሚሰጡት። በቀንና በሌሊት ተደምሮ የሚጠባው ስድስት ጊዜ ያህል ነበር። ከመኝታ በፊትና ሌሊት ደግሞ የቆርቆሮው ወተት በጡጦ ይሰጠዋል፤ ዋጋው ውድ ስለሆነ ቶሎ እንዳያልቅ ቆርቆሮው ላይ ከተጻፈው በላይ በውኃ አቅጥነው ያዘጋጁታል። በዚህም ልጁ ሆዱ በቀጭን ወተት እየሞላ ይተኛል፣ ጡቱም ሌሊቱን ሙሉ ሞልቶ ያድራል። ትልቁ ጡት ትልቅ ሆኖ የታየው ከፊሉ በዚህ ምክንያት ነው፦ ተወጥሮ ስለሚውል። ሲሞላ ማምረቱን የሚያዘገየውን ጡት እስኪሞላ መጠበቅ፣ ወተት ለመቆጠብ በሚል ወተት ማጥፋት ነበር።

አያትን ማስረዳት ከባድ ይሆናል ብለን ነበር የጀመርነው፤ ቤቱን የያዙት እርሳቸው ናቸውና እርሳቸው ያልተቀበሉት ምክር ከደጅ አይገባም። «እኔስ ስድስት ልጅ አጥብቻለሁ፤ ጡት ሳይሞላ ልጅ ምን ይጠባል?» አሉ። እኛም «እማማ፣ እስቲ አሁን ጠብቶ ሲጨርስ እንየው» አልናቸው። ልጁ ቀኙን ጠብቶ ሲተው፣ ጡቱ ለስልሶ ባዶ መስሎ ሳለ፣ እናትየው እጇን ታጥባ አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን ከጡቱ ጫፍ ዙሪያ ካለው ጥቁር ክፍል ወጣ አድርጋ፣ መጀመሪያ ወደ ደረቷ ገፋ፣ ቀጥሎ ጣቶቿን ሳታንሸራትት ጨመቅ እያደረገች እንድታልብ አሳየናት። ጥቂት ከቆየ በኋላ ወተቱ በቀጭኑ ፈንጠቅ እያለ ወደ ሲኒው ገባ። አያት ሲኒውን ተቀብለው ወደ መስኮቱ ብርሃን አደረጉትና «ነበረ ለካ» አሉ። ጡትን እንደ እንስራ፣ ካልሞላ የማይቀዳበት አድርጎ ማሰብ ከእርሳቸው ጋር ብቻ የሚኖር ሐሳብ እንዳልሆነ በየቀኑ እናያለን።

በዚያው ቀን ልጁን ከመጥባቱ በፊትና በኋላ በአንድ ዓይነት ልብስ መዘንነው። ለዚህ የሚሆነው በ10 ግራም የሚለይ ዲጂታል ሚዛን ነው፤ በየጤና ጣቢያው የሚንጠለጠለው የሳልተር ሚዛን በ100 ግራም ስለሚከፈል አንድ ሕፃን በአንድ ጊዜ የጠባውን ሊያሳይ አይችልም። ከቀኝ ጡት 70 ግራም ወሰደ። ከግራው 10 ግራም። አንድ ምዘና ብቻውን የሚያሳየው የዚያን ሰዓት ብቻ በመሆኑ ፍርድ አልሰጠንበትም፤ መነሻ እንዲሆን መዘገብነው።

ምክሩ ከልጁ ጀመረ። ቢያንስ በቀን ስምንት ጊዜ፣ ከተቻለም እስከ አሥራ ሁለት ጊዜ፣ ሌሊትንም ጨምሮ እንዲጠባ፤ ሰዓት እየታየ ሳይሆን እጁን ወደ አፉ ሲወስድና አፉን ሲከፋፍት፣ ከማልቀሱ በፊት። የቆርቆሮው ወተት በአንድ ጊዜ አልተቋረጠም፤ ክብደቱ በሚገባ ያልጨመረን ልጅ ያለውን ነገር ነጥቆ ማስራብ ስለማይገባ፣ በትክክለኛው መጠን ተበጥብጦ በሲኒ እንዲሰጥና በየምዘናው እንዲቀነስ ተስማማን። ለግራው ጡት ሁለት አያያዝ አሳየናት። አንደኛው ልጁን በብብቷ ሥር አድርጋ፣ እግሩ ወደ ኋላዋ ሆኖ፣ በትራስ ተደግፎ ማጥባት ነው፤ እንዲህ ሲያዝ ቀኝ ትከሻው ከላይ ይሆናል። ሁለተኛው ልጁ ከቀኙ ጠብቶ የመጀመሪያው ረሃቡ ሲበርድ፣ ሳይገለበጥ፣ እንደተኛ ወደ ግራው ጡት ገፋ ማድረግ ነው። ልጁ ከቦታ ሳይሆን ከአቅጣጫ ጋር ጠብ ስለነበረው ሁለተኛው ዘዴ ይበልጥ ሠራ፤ በሦስተኛው ሙከራ ሳይጮህ ያዘው። በጣም ርቦት ሳለ ወተቱ ዘግይቶ የሚወርደውን ጡት መስጠት ግን የሚያስቆጣው በመሆኑ፣ ግራው እንቅልፍ ሲይዘውና ሌሊት እንዲቀርብለት መከርን። ልጁ በጠባ ቁጥር ከዚያ በኋላ ግራው ለጥቂት ደቂቃ በእጅ ይታለባል፤ የታለበውን በሲኒ ማጠጣት የአያት ሥራ ሆነ። ቀኙ ግን ከልጁ ፍላጎት በላይ እንዳይታለብ አስጠነቀቅን፤ ከተፈለገው በላይ የታለበ ጡት ከተፈለገው በላይ ያመርታል፣ ልዩነቱም ይሰፋል።

ስለ አብሹ ተጠይቀን ነበር። ወተት እንደሚጨምር የሚያሳዩት ማስረጃዎች ደካሞች ናቸው፤ እንደ ምግብ መጠኑ ሳይበዛ ቢወሰድ አልከለከልንም። አንድ መድኃኒት ቤት ወተት የሚጨምር እንክብል እንድትገዛ ነግሯት ነበር፤ ዶምፔሪዶን ነበር። ፕሮላክቲንን ከፍ ያደርጋል፣ የልብ ምትንም ሊያዛባ ይችላል። የእርሷ ችግር ሆርሞን ሳይሆን ያልተወሰደ ወተት ስለነበረ ችግሩን ከሥሩ አይፈታውም ብለን አስተውናታል።

በመጀመሪያው ሳምንት ልጁ 230 ግራም ጨመረ። የሽንቱ ቁጥር ከክብደቱ ቀድሞ ነው የተስተካከለው፤ እናትየዋ ሁለተኛ ቀን ላይ አስተውላዋለች። የቆርቆሮው ወተት በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ቆመ። ለ10ኛው ሳምንት ክትባት ሲመጣ 5.2 ኪሎ ግራም ሲመዝን፣ በዚያን ቀን በተደረገው ምዘና ከቀኙ 80፣ ከግራው 40 ግራም ወሰደ። በ14ኛው ሳምንት 6.1 ኪሎ ግራም ደርሶ የዕድገት መስመሩ ወደ መካከለኛው እየተጠጋ ነበር። ግራው ቀኙን አልደረሰም። እንዲደርስም አልጠበቅንም፣ ይህንንም ከመጀመሪያው ነግረናት ነበር፤ ለሳምንታት የተተወ ጡት አብዛኛውን ጊዜ የሚመለሰው በከፊል ነው። በልብስ ላይ የሚታየው ልዩነት ቀኙ መወጠሩን ሲያቆም ብቻ በግማሽ ያህል ቀነሰ።

የወሊድ ፈቃዷ አልቆ ወደ ትምህርት ቤት ስትመለስ ግራው እንደገና ወረደ። ምክንያቱ ቀላል ነበር፦ በዕረፍት ሰዓት ጊዜ ስለሚያጥራት ቶሎ የሚሞላላትን ቀኙን ብቻ ታልብ ነበር። ተራውን ገልብጣ ከግራው ስትጀምር በሁለት ሳምንት ውስጥ ተስተካከለ።

ይህ ጉዳይ እንዲህ ቢያበቃም፣ የአንድ ወገን ጡት ልዩነት ሁሉ በአያያዝ የሚፈታ አይደለም። ልጁ ከጠባ በኋላም የማይጠፋና ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ ወይም እንደ ብርቱካን ልጣጭ መሆን፣ አዲስ የገባ የጡት ጫፍ፣ ከአንድ ጡት ብቻ ደጋግሞ የሚመጣ ደም፣ እንዲሁም ለወራት ሁለቱንም ሲጠባ የኖረ ልጅ አንዱን ብቻ ያለ ምክንያት እምቢ ማለቱ በአልትራሳውንድ መታየት ይገባቸዋል። ማጥባት ለአልትራሳውንድ አያግድም፣ ለምርመራው ሲባልም ጡት ማስጣል አያስፈልግም። ጡቱ ቀልቶ፣ ግሎና አሞ ትኩሳት ሲመጣ ደግሞ ማጥባቱ ሳይቋረጥ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው፤ ያመመው ጡት ወተት ልጁን አይጎዳም።

እናትየዋ በመጨረሻው ቀጠሮ የጠየቀችን ስለ ጡቷ አልነበረም፤ ሌላ ልጅ ብትወልድ ይህ ሁሉ ይደገም እንደሆነ ነበር። የወተቱን በተመለከተ መልሳችን አጭር ነው፦ በየእርግዝናው የወተት ዕጢዎቹ እንደ አዲስ ስለሚያድጉ፣ ከመጀመሪያው ቀን ሁለቱም ጡቶች ከቀረቡ ግራው በዚህኛው ልጅ ታሪክ አይታሰርም። የትከሻው ግን ይለያል። በአንዱ ወሊድ ትከሻው ተይዞ የነበረ ልጅ እናት በሚቀጥለውም ያ የመደገም ዕድሏ ከሌሎች ከፍ ያለ ነው፤ የልጁም ክብደት ከፍ ያለ ስለነበረ በእርግዝና ወቅት የደም ስኳር ምርመራ ያስፈልጋታል። ስለዚህ በክትትል ካርዷ ላይ «ትከሻ ተይዞ ነበር፣ የቀኝ ክላቪክል ስብራት» ብለን ጻፍንላትና፣ ቀጣዩን የምትወልደው ቀዶ ጥገና ባለበት ሆስፒታል እንዲሆን፣ ካርዱንም በመጀመሪያው ቀን ለሚቀበሏት አዋላጆች እንድታሳይ ነገርናት።